ደቦውን የጠራው ማን ነው?



ዛሬ የምንነጋገርበት ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ከሀብታም አገር ተነሥቶ ለሁለት ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ያለ ደመወዝ ሊያገለግል ወደ ድሀ አገር የሚሄድ ሰው የሄደበትን ሕዝብ በእርግጥ ይጠቅመዋል ወይ? ብዙዎቻችን «እንዴት አይጠቅምም!» እንላለን። እንግዳ አክባሪነታችንም ሌላ መልስ ለመስጠት አያደፋፍረንም። እኔ ግን ድሀ ለሚባለው ሰው ክብር ስል ጥያቄውን በተደረገውና በታየው ነገር ልመዝነው እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ አስቀድሜ ላሳውቃችሁ።

ከሆንዱራስ ልጀምር። በ1998 ጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ በዚህች የመካከለኛው አሜሪካ አገር ላይ ለቀናት ተንሰራፍቶ ዝናቡን አወረደባት። ተራራ ተናደ፣ ወንዝ መንደሩን ከነሰዉ ጠርጎ ወሰደ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ካርሎስ ፍሎሬስ የሃምሳ ዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ጠፋ እስከማለት ደረሱ። የሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶቻቸውን በቡድን በቡድን እያደራጁ ለቤት አልባዎቹ ቤት እንዲሠሩ ላኩ። ቡድኑ ይመጣል፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አሸዋ ይነፋል፣ ሲሚንቶ ያቦካል፣ ብሎኬት ይደረድራል፤ በመጨረሻ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተቃቅፎ፣ ተላቅሶ ይለያያል። በወጣቶቹ ቅንነት ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም። ከሥራና ከትምህርት የተረፈቻቸውን የዕረፍት ጊዜ ሰጥተዋል፣ ትኬቱንም ከኪሳቸው ከፍለዋል።

በሆንዱራስ ለብዙ ዓመታት የኖረው ከርት ቨር ቢክ፣ በሚሺገን የካልቪን ኮሌጅ የሶሲዮሎጂ መምህር፣ ይህን ሥራ አጥንቶ ውጤቱን በ2006 አሳተመ። የውጭ ቡድን የሠራው አንድ ቤት የጉዞው ወጪ ተደምሮ በአማካይ ወደ 30,000 ዶላር ወጥቶበታል። ያንኑ የመሰለ ቤት የአገሬው ድርጅቶች በአገሬው ግንበኛ በ2,000 ዶላር ገደማ ሠርተውታል። እስኪ አስቡት፤ በአንዱ ቤት ገንዘብ አሥራ አምስት ቤት ይቆም ነበር። በጎርፍ ቤቱ የተወሰደበት ሰው በሸራ ሥር ልጆቹን አቅፎ የሚያድርበት ዘመን ነው። የሙዝ እርሻው ስለወደመ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ብሎኬት መደርደር የሚችል፣ የቀን አበል ቢያገኝ ለቤተሰቡ ዳቦ ይዞ የሚገባ ሰው ሞልቷል። ያ ሰው ቆሞ እያየ ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በአውሮፕላን የመጣ የኮሌጅ ተማሪ የሱን ሥራ በነፃ ይሠራል። ቨር ቢክ በእንግዶቹ እጅ በተሠራው ቤትና በአገሬው ድርጅት በተሠራው ቤት የገቡትን ቤተሰቦች ሲያነጻጽር በኑሯቸው ላይ የጎላ ልዩነት አላገኘም።

ስለ ሥራው ጥራትም አንድ ነገር ልጨምር። አንዲት አሜሪካዊት ጸሐፊ በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ፣ በተማሪነቷ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ታንዛኒያ ሄዳ ቤተ መጻሕፍት ስትገነባ የሆነውን ተርካለች። ልጃገረዶቹ ቀን የደረደሩት ጡብ እጅግ ጠማማ ስለነበር የአካባቢው ሰዎች ሌሊት እየተነሡ ያፈርሱትና በውኃ ልክ አስተካክለው መልሰው ይገነቡት ነበር። ጠዋት ተማሪዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በይሉኝታ ለኖርነው ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እነዚያ ግንበኞች እንግዶቹን ላለማሳፈር ሲሉ እንቅልፋቸውን አጥተዋል፤ በዚያ ቦታ የተረዳው ማን እንደሆነ ልብ በሉ።

«ጉዞው ባይኖር ገንዘቡስ መቼ ይገኝ ነበር?» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰው በዓይኑ ለማያየው ቤት እጁን አይዘረጋም፤ አንዴ ሄዶ ካየ ግን ዕድሜ ልኩን ይረዳል ይባላል። ቨር ቢክ ይህንንም ፈትሾታል። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ጉዞው ሕይወታችንን ለውጦታል ብለው መስክረዋል፤ ከተመለሱ በኋላ በሰጡት ገንዘብ ላይ የታየው ጭማሪ ግን ኢምንት ነበር። ያየ ሁሉ አይሰጥም ማለት ነው።

ነገሩን በገበሬያችን ዓይን እንየው። ደቦ የሚጠራው ባለ ማሳው ነው። ቀኑን እሱ ይቆርጣል፤ አጨዳ ይሁን አረም፣ ውቂያ ይሁን ጎጆ ማቆም፣ ሥራውን እሱ ይመርጣል። የተጠራው ማጭዱን ስሎ ይመጣል፤ ማጨድ የማይችል እንደሆነ ነዶ ይሸከማል እንጂ ሰብሉን አያረግፍም። ማታ ምርቱ የባለ ማሳው ነው፣ ነገ ተራው የሌላው ይሆናል። አንድ ሰው ሳይጠራ፣ ለራሱ በተመቸው ቀን፣ ማጭድ ጨብጦ በማያውቅ እጁ ማሳ ውስጥ ገብቶ «ላግዝህ ነው የመጣሁት» ቢል ባለ ማሳው ለእንግዳ ክብር ብሎ ዝም ይል ይሆናል። የረገፈውን ጤፍ ግን ብቻውን ይለቅማል። እኔ አንድን የበጎ ፈቃድ ጉዞ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ማን ጠራው? ሥራውን ማን መረጠው? እንግዳው ሲሄድ ምርቱ በማን ጎተራ ቀረ?

ከእኔ በፊት ይህን አምርረው የተናገሩ አሉ። ኢቫን ኢሊች የተባሉት የካቶሊክ ቄስ በ1968 ለአገልግሎት ወደ ሜክሲኮ ሊሄዱ ለተሰናዱ የአሜሪካ ተማሪዎች ተናግረው ነበር። መጥታችሁ ተመልከቱ፣ ተማሩ፣ ተራራ ውጡ፣ ልትረዱን ብላችሁ ግን አትምጡ የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር። ቋንቋውን የማታውቁለት ድሀ በቃኝ፣ ሂዱልኝ ሊላችሁ እንኳ አይችልም የሚለው ሐሳባቸው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። እኔ እንደሳቸው በሩን ጨርሼ አልዘጋም፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። በአንድ ጉዳይ ግን ከሳቸውም የበረታ አቋም አለኝ፤ እሱም የሕፃናት ማሳደጊያ ነው።

ካምቦዲያን እንውሰድ። አንኮር ዋት የተባለውን ጥንታዊ መቅደስ ለማየት ጎብኚ እንደ ጎርፍ ይገባል። ከመቅደሱ አጠገብ ባለችው በሲየም ሪፕ ከተማ ማሳደጊያ መጎብኘት፣ ከልጆቹ ጋር አንድ ሁለት ሳምንት «ማገልገል» የጉብኝቱ አካል ሆኖ ነበር። ክመር ሩዥ የተባለው አገዛዝ የፈጸመው እልቂት ካለፈ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ፣ የሙት ልጅ ቁጥር መቀነስ ሲገባው፣ ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ ጨመረ። በማሳደጊያዎቹ ከሚኖሩት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት ነበር። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሰብሳቢው ወደ ገጠር ይወጣና ለድሀዪቱ እናት «ልጅሽን ስጪኝ፣ እንግሊዝኛ ይማራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል» ይላታል። እናት ለልጇ ብላ ትሰጣለች። ልጁ በበዛ መጠን ጎብኚው ይበዛል፣ ጎብኚው በበዛ መጠን ገንዘቡ ይበዛል። ልጁ ጠግቦ፣ ለብሶ፣ አምሮበት ቢታይ ግን የጎብኚው እጅ ያጥራል። ስለዚህ ልጁ ተጎሳቁሎ መታየቱ ለባለቤቱ ትርፍ ይሆናል። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 እንዳመለከተው በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ካሉት ልጆች ከአምስቱ አራቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ አላቸው። እናትየዋ ልጇን ከእቅፏ ያወጣችው ስለጠላችው አይደለም፤ ድህነት አስገድዷት ነው። እሷን በወር ትንሽ ገንዘብ ብንደግፋት ልጁ እቤቱ ያድር ነበር።

ወደ ማሳደጊያ የሄዳችሁ ሁሉ ያያችሁትን አንድ ነገር ላንሣ። በሩ እንደተከፈተ የሦስት ዓመት ሕፃን ሮጦ መጥቶ የማያውቀውን ሰው እግር ያቅፋል፤ ጭኑ ላይ ይወጣል፣ ፀጉሩን ይዳብሳል። እንግዳው ልቡ ይሰበራል፣ «እንዴት ፍቅር የተራበ ልጅ ነው!» ይላል። በእናቱ ቤት ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቀሚሷ ሥር ተደብቆ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ማንንም ሳይለይ የሚጠመጠም ልጅ የተጎዳ ልጅ መሆኑን የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ደጋግመው አረጋግጠዋል። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ከ2000 ጀምሮ በተካሄደው ትልቅ ጥናት፣ ከማሳደጊያ ወጥተው በአሳዳጊ ቤተሰብ እጅ የገቡ ሕፃናት በአእምሮም በስሜትም እዚያው ከቀሩት በተሻለ አድገዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ ይበልጥ ተጠቅመዋል። ሕፃን ልጅ ዛሬም ነገም የሚያገኘው አንድ ፊት ይፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ «እህት»፣ አዲስ «ወንድም» እየመጣ፣ እያጫወተ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሲሄድ ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ይተዋል። ሰው ሲወድህ ይሄዳል የሚለውን ትምህርት ከፊደል በፊት ይማራል።

አውስትራሊያ በ2018 ባወጣችው ዘመናዊ ባርነትን የሚመለከት ሕግ ዙሪያ፣ ልጆችን ለትርፍ ሲሉ ወደ ማሳደጊያ ማጋዝን ፓርላማዋ በስሙ ጠርቶ መርምሮታል። እኛም በዚያው ዓመት በጥር ወር ለውጭ ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ አግደናል። ሆኖም እዚሁ ከተማችን ውስጥ የልጃችንን ልደት በማሳደጊያ ማክበር ተለምዷል፤ ኬክ ቆርሰን፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። በጎ ልብ እንዳለን አውቃለሁ። እባካችሁ ይህን ልማድ እንተወው። ኬኩንም ዱቄቱንም ለበሩ ጠባቂ አስረክቦ መመለስ ይቻላል። ከዚያ የበለጠው ግን በቀበሌያችን ልጇን ለመስጠት ያሰበችውን እናት ፈልጎ ከልጇ ጋር እንድትኖር መርዳት ነው።

ወደ ሕክምናው እንሻገር፤ በዚህ ላይ መልሱ ይለያያል። አንድ የሐኪሞች ቡድን ወደ አንድ ወረዳ መጥቶ ድንኳን ይጥላል እንበል። ረጅም ሰልፍ ይሠለፋል። አንዲት የስድሳ ዓመት እናት የደም ግፊታቸው ተለክቶ ከፍ ብሎ ይገኝና የሠላሳ ቀን ኪኒን ይሰጣቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነው። በሠላሳ አንደኛው ቀን ሐኪሙ አገሩ ገብቷል፤ የጻፈው ካርድ በእንግሊዝኛ ነው፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ምን እንደተሰጣቸው አያውቅም። እኒያ እናት ለአንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ያገኙት የአንድ ወር ዕድሜ ነው። በዚያው ገንዘብ ጤና ጣቢያው ለዓመት የሚበቃ መድኃኒት ቢገዛ፣ ነርሷም መለኪያውን ይዛ ቤት ለቤት ብትዞር ውጤቱ ሌላ ነበር።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። በኡጋንዳ ጂንጃ ከተማ የሕክምና ትምህርት የሌላት አንዲት አሜሪካዊት ወጣት በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚቀበል ተቋም ከፍታ ነበር። ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች በ2019 ፍርድ ቤት ከሰሷት፤ ክሱ በኋላ በስምምነት ተዘጋ። በተወለደበት አገር መርፌ እንዲወጋ የማይፈቀድለት ሰው የእኛን ልጅ እንዲወጋ ሊፈቀድለት አይገባም። በዚህ መሥፈርት ላይ ድርድር መኖር የለበትም።

አሁን ደግሞ የዓይን ሞራን ተመልከቱ። ሞራው የጸናበት ሰው ዓይነ ስውር ይሆናል፤ ቀዶ ሕክምናው በሠለጠነ እጅ በአሥር ደቂቃ ገደማ ያልቃል፣ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ሰውየው የልጅ ልጁን ፊት ያያል። የኔፓሉ ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና ባልደረቦቻቸው ያስፋፉት ዘዴ በአገራችንም በትግራይ ኲሓ በመሳሰሉ ቦታዎች በዘመቻ ተሠርቶበት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ብርሃናቸውን አግኝተዋል። ይህ ሥራ ለአጭር ጉዞ የሚመች ሥራ ነው፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ሐኪሙ መሄዱ በሽተኛውን አይጎዳውም። እንዲህም ሆኖ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከእንግዳው ጋር የአገሬው ባለሙያ አብሮ ሲሠራና ሲሠለጥን ነው። በአማራ ክልል በትራኮማ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተገልብጦ ዓይናቸውን የሚወጋቸውን ሰዎች የሚያክሙት ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ የእኛው ነርሶች ናቸው። የሚኖሩት እዚያው ነው፤ ቁስሉ ቢያመረቅዝ በሽተኛው የት እንደሚያገኛቸው ያውቃል።

የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላም እንዲሁ ነው። በ2015 መስከረም ላይ በአገራችን የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ ሲካሄድ የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪሞች መጥተው ነበር። ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር ሰናይት ፍሥሐ ሁለቱን ተቋማት በማገናኘት ትልቅ ሚና ነበራቸው። ከዚያ በፊት ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ለመሄድ ቤቱን ይሸጥ ነበር፤ የሚሸጠው የሌለው ይሞት ነበር። የሚሺገኖቹ ቆይታ በእያንዳንዱ ጉዞ አጭር ነበር። የተጠሩት ግን በሆስፒታሉ ነው፣ ሥራውን የመረጠው ሆስፒታሉ ነው፣ ደጋግመው የመጡትም ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሙያውም ኢትዮጵያውያኑ ሐኪሞች እጅ ገብቷል። በሩን ጨርሼ አልዘጋም ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው።

ሐምሊኖችን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ የገቡት በ1959 ነው። የመጡት ተጠርተው ነው፤ መንግሥታችን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማኅፀን ሐኪም እንደሚፈልግ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አስታውቆ ነበር። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር። ሲመጡ ያገኟቸው ግን በምጥ ብዛት ፊስቱላ የያዛቸው፣ ሽንታቸው እየፈሰሰ ከባልም ከጎረቤትም የተገለሉ ሴቶች ናቸው። አልሄዱም። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን አቋቋሙ። ሬጂናልድ በ1993 ካረፉ በኋላም ካትሪን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ መጋቢት 2020፣ ከእኛ አልተለዩም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ታሪክ ነው። ገና በወጣትነታቸው በምጥ ተጎድተው ወደ ሐምሊኖች የመጡ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የገጠር ሴት ነበሩ። መጀመሪያ አልጋ አነጠፉ፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ አቀበሉ፣ እያዩ እያዩ እጃቸው ተፍታታ፤ በመጨረሻ ራሳቸው ፊስቱላ የሚጠግኑ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ከውጭ የመጡ ስፔሻሊስቶች ከሳቸው ሥር ቆመው ተምረዋል። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሐምሊኖችና ለማሚቱ የወርቅ ሜዳልያ ሰጥቷል። በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም ከየገጠሩ ልጃገረዶችን ተቀብሎ፣ አሠልጥኖ ወደየመጡበት ይመልሳል፤ ፊስቱላ ገና ከምንጩ እንዲደርቅ ነው።

«ሰው ሁሉ እንደ ሐምሊን ዕድሜውን ይስጥ ትላለህ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ የበጎ ፈቃድ ድርጅት በ1962 ወደ አገራችን ሲገባ ከ270 በላይ አሜሪካውያን በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ። አማርኛ ተምረው ነው የመጡት፤ የሚቆዩት ሁለት ዓመት፣ የሚያዙት በትምህርት ሚኒስቴር ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬም ድረስ የአስተማሪያቸውን ስም ያነሣሉ። የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከ1964 ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየአውራጃው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ያስተማረ ሰው የተማሪውን ድክመት ያውቃል። ለሁለት ሳምንት የመጣ ግን ኤቢሲዲ ያስዘምራል፤ ከሱ በኋላ የሚመጣውም ኤቢሲዲ ያስዘምራል፤ ልጆቹ ዘፈኑን በቃላቸው ይዘው ንባብ ሳያውቁ ክፍል ይቆጥራሉ።

ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከለንደን፣ ከቴል አቪቭ በየክረምቱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ወገኖች ዛሬ እዚህ አላችሁ። ልጆቹ የወላጆቻቸውን አገር ይዩ፤ አያታቸው ቤት ይደሩ፣ አማርኛቸው ይፍታታ፣ ገጠር ወጥተው ውኃ ቀድተው ይሞክሩት። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጠቀሙት ግን እነሱ ናቸው፣ ስሙም ትምህርት ነው። እንደ እርዳታ አንቁጠረው፤ ላስተማራቸው ሰውም ይክፈሉ። ሙያ ያላችሁ፣ ነርስም ሁኑ መሐንዲስ፣ የሂሳብ ባለሙያም ሁኑ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ፣ አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ ትምህርት ቤት ምረጡ። በየዓመቱ እዚያው ተመላለሱ፤ ከእናንተ ሥር ሆኖ የሚማር አንድ የአገሬው ባለሙያ እንዲመደብላችሁም ጠይቁ።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ለኃላፊው ደውሉለት። ልትሰጡት ያሰባችሁትን ሳትነግሩት ምን እንደጎደለው አስቀድማችሁ ጠይቁት። «ሰው አልቸገረንም፤ ሁለት አዋላጅ ለአንድ ዓመት የምንቀጥርበት ገንዘብ ነው የቸገረን» ካላችሁ፣ በዚህ ዓመት እናንተ ቅሩና የትኬቱን ገንዘብ ላኩለት።